«ቀድመሽ ውጪ» መልስ አይደለም

ሰላም ውድ አንባቢዎቻችን። በዚህ እትም የመረጥናቸው አራት ደብዳቤዎች ከተለያየ ቦታ የመጡ ናቸው፤ ጉዳያቸው ግን ይገናኛል። ሥራቸውን የሚችሉ ሰዎች በአካል ጉዳት ወይም በሕመም ምክንያት ሰዓት ላይ መድረስ ያቅታቸዋል። ከዚያ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ ከማስጠንቀቂያው በኋላ ደግሞ ፍርሃት። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚያሳውቁ ነገሮችንም አውጥተናል።

*

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። በልጅነት ልምሻ ምክንያት አንድ እግሬ ላይ የብረት ድጋፍ አድርጌ በሁለት ክራንች ነው የምሄደው። በአንድ አስመጪ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ቢሮዬ ቦሌ አካባቢ ነው። የሥራ መግቢያችን 2፡30 ነው፣ አሻራ አለ። 12 ሰዓት ሳይሞላ ከቤት ወጥቼም አንዳንድ ቀን 2፡50፣ አንዳንድ ቀን 3 ሰዓት እደርሳለሁ። ሰልፍ ቆሜ ተራዬ ሲደርስ ረዳቱ ክራንቼን አይቶ ‹ቦታ የለም› ይለኛል፤ ሰልፍ በሌለበት ደግሞ ሰው ገፍቶኝ ይገባል። ራይድ በየቀኑ ልጥራ ብል ደመወዜ አይበቃም። እስካሁን ሁለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። ሁለተኛው ‹እስከ ስንብት የሚደርስ እርምጃ› ይላል። አለቃዬን ሳናግረው ‹ቀድመሽ ውጪ› አለኝ። በሥራዬ ግን አንድም ቀን ቅሬታ ቀርቦብኝ አያውቅም። ምን ይሻለኛል? — ከጀሞ»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ስለ «ቀድመሽ ውጪ» ልናገር። አንቺ እኮ ቀድሞውኑም 12 ሰዓት ሳይሞላ የምትወጪ ሰው ነሽ። ከዚያ በፊት መውጣት ማለት በጨለማ፣ አሳንሰር ከሌለው ሕንፃ ከሦስተኛ ፎቅ ወርዶ፣ ክዳኑ የተነሳ ቱቦ ባለበት መንገድ ላይ በክራንች መሄድ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃው አለ። በክራንች የሚሄድ ሰው ሲወድቅ እንደሌላው አቧራውን አራግፎ መንገዱን አይቀጥልም፤ ስብራት ሊሆን ይችላል፣ ወራት ሊወስድ ይችላል። አለቃሽን ክፉ ነው አልልም። ብዙ አለቆች ይህን መንገድ በሐሳባቸው እንኳ ሄደውበት ስለማያውቁ ነው እንዲህ የሚመልሱት። ስለዚህ መንገዱን አንቺ ልታሳዪው ይገባል፣ ያውም በጽሑፍ።

አሁን ወደ ሕጉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ ማለትም ወዲያውኑ፣ ሠራተኛን የሚያሰናብትባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል፤ የመጀመሪያው ማርፈድ ነው። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ የሥራ ሰዓት ያላከበረ ሠራተኛ ሊሰናበት ይችላል። ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ ሳይሆን ጉዳዩ ቀልድ እንዳልሆነ እንድታውቂው ነው። ያረፈድሽባቸውን ቀኖች ዛሬውኑ ቁጠሪ። ሁለቱ ማስጠንቀቂያዎች የተጻፉበትን ቀንም መዝግቢ።

ነገር ግን ይኸው አንቀጽ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው በር አለው። የማርፈዱ ምክንያት በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሥራ ውል ተቀባይነት ያገኘ ከሆነ ለስንብት አይሆንም። ስለዚህ አለቃሽ በቃል «እሺ፣ ትንሽ ብትዘገዪ ችግር የለም» ቢልሽ እንኳ እዚያ ላይ አትቁሚ። አለቃ ይቀየራል፣ አሻራው ግን መመዝገቡን አይተውም። ከስድስት ወር በኋላ አዲስ ሰው መጥቶ ዝርዝሩን ሲያወጣው ያ «እሺ» የትም አይገኝም።

እኔ የምመክርሽ ይቅርታ መጠየቁን ትተሽ ሰዓቱን እንድታስቀይሪ ነው። መግቢያሽ በጽሑፍ 3፡30 ከሆነ 3፡20 የደረስሽ ቀን አላረፈድሽም፣ እንዲያውም ቀድመሻል። አንድ ሰዓት ዘግይተሽ ትወጫለሽ፤ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት የሚለው የሕግ ጣሪያም አይነካም። ድርጅቱ ከሥራሽ አንዲት ደቂቃ አያጣም።

ይህን የመጠየቅ መብት አለሽ ወይ? አዎ፣ አለሽ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 የሚባል ሕግ አለ። ብዙ ሠራተኛ አያውቀውም፤ በጣም የሚያሳዝነው ብዙ የሰው ኃይል ክፍልም አያውቀውም። አዋጁ አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያዛል። ማመቻቸት ሲል ደግሞ መወጣጫና መጸዳጃ ቤት ብቻ ማለቱ አይደለም። የሥራ መሣሪያ፣ የሥራው መስፈርት፣ የሥራ አካባቢ እና የሥራ ሰዓት ትርጉሙ ውስጥ ተጽፈዋል። የሥራ ሰዓት! በተለይ ለሴት አካል ጉዳተኞች፣ በጾታቸውም በጉዳታቸውም ምክንያት ያለባቸው ድርብ ጫና ታይቶ ማመቻቸት እንዲደረግላቸው አሠሪውን ለይቶ ይጠይቃል። ኢትዮጵያ በ2002 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ማመቻቸትን መከልከል ራሱ መድልዎ ነው ይላል።

አሠሪው እምቢ የሚልበት ምክንያት አለ፤ እሱንም ልደብቅሽ አልፈልግም። ማመቻቸቱ ከአቅም በላይ ጫና ካመጣበት አይገደድም። ይህ የሚለካው በሚጠይቀው ወጪ፣ በድርጅቱ ትልቅነት፣ በሠራተኛው ብዛት እንጂ በአለቃው ስሜት አይደለም። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛን ከ2፡30 ወደ 3፡30 ማዛወር ምን ያህል ያስወጣል? ከደንበኛ ጋር ፊት ለፊት የምትሠሪ ብትሆኚ፣ በር የምትከፍቺ ብትሆኚ፣ እሺ፣ ክርክር ይኖረው ነበር። የአንቺ ሥራ ግን ወር ሲዘጋ ሪፖርቱ ደርሷል ወይስ አልደረሰም ነው።

ደብዳቤውን አታርዝሚው። እንዲህ ብትይ ይበቃል፦

«ጉዳዩ፦ የሥራ ሰዓት ማመቻቸት እንዲደረግልኝ ስለመጠየቅ። እኔ በሒሳብ ክፍል የምሠራ ሠራተኛ ስሆን በእግሬ ላይ ባለ ጉዳት ምክንያት በክራንች እንቀሳቀሳለሁ። ጠዋት ሕዝብ በሚበዛበት ሰዓት ትራንስፖርት ለማግኘት ስለምቸገር በ2፡30 መድረስ አልቻልኩም። ከ3 ሰዓት በፊት ባለው ግፊያ ምትክ ሰልፉ በሚቀንስበት ሰዓት ብነሳ በ3፡30 ሳላስተጓጉል መድረስ እችላለሁ። ስለዚህ በአዋጅ ቁጥር 568/2000 መሠረት የመግቢያ ሰዓቴ 3፡30፣ የመውጫ ሰዓቴም በዚያው ልክ በአንድ ሰዓት እንዲገፋልኝ፣ ይህም በሥራ ውሌ ላይ በጽሑፍ እንዲታከልልኝ እጠይቃለሁ። የሕክምና ማስረጃ አያይዣለሁ።»

ሁለት ኮፒ አድርጊ። አንዱን አስገቢ፣ ሌላው ላይ ቀንና ማኅተም አስመቺ ወይም «ተቀብያለሁ» ብለው ይፈርሙልሽ። አንቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ ፖስታ ላኪው፤ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ ማስረጃሽ ነው። ለአለቃሽ ከዚያ በፊት በቃል ንገሪው፣ ደብዳቤው ከላይ ዱብ ሲልበት እንዳይከፋው።

ደግሞ ድርጅታችሁ ሰርቪስ ካለው አልጠቀስሽውምና ጠይቂ። ሰርቪሱ የሚያልፍበትን መስመር ትንሽ አስፍቶ እናንተ ሰፈር መግቢያ ድረስ ማምጣትና የፊት ወንበር መያዝ ሊቻል ይችላል። ያን ካገኘሽ ሰዓት መቀየሩም ላያስፈልግ ነው።

መልስ ሳይሰጡሽ ቢያሰናብቱሽስ? ወደ ሥራ ለመመለስ ክስ የሚቀርበው ውሉ ከተቋረጠ በሦስት ወር ውስጥ ነው። ሦስት ወር ደግሞ ስታለቅሺ፣ ሽማግሌ ስትልኪ፣ «እስቲ ይደውሉ ይሆናል» ስትዪ ያልቃል። እባክሽ አትጠብቂ። በአዋጅ 568 ደግሞ በጉዳቴ ምክንያት መድልዎ ደረሰብኝ ብለሽ ስትከሺ የማስረዳት ሸክሙ አሠሪው ላይ ይወድቃል። የሠራተኛ ማኅበር ወይም የአካል ጉዳተኞች ማኅበርም ስለ አንቺ መክሰስ ይችላል። ከክስ በፊት በክፍለ ከተማሽ ባለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች አሉ፤ አቤቱታ ይቀበላሉ። ጠበቃ መክፈል የማትችዪ ከሆነ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ያቋቋሟቸው ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ጋር ሂጂ።

*

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 26 ነው። የሚጥል በሽታ አለብኝ። ማታ ማታ ፌኖባርቢታል እወስዳለሁ። የምሠራው ዳቦ ቤት ነው፤ ተረኛ ስሆን ከሌሊቱ 11 ሰዓት መገኘት አለብኝ። መድኃኒቱ እንቅልፉ ከባድ ስለሆነ ስልክ ቢጮህም አልሰማም። አሠሪዬ ‹ሰካራም ነህ እንዴ?› ይለኛል። መጠጥ ቀምሼ አላውቅም። የሙከራ ጊዜዬን ጨርሻለሁ፣ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ግን በሽታውን ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ያባርሩኛል ብዬ እፈራለሁ። መድኃኒቱን በሥራ ቀን ልተወው እንዴ? — ስሜ ይቆይ»

ወንድሜ፣ መድኃኒቱን አትተው። ይህን ሌላውን ሁሉ ሳልናገር ልበልህ። ፌኖባርቢታልን በድንገት ማቋረጥ ራሱ ተከታታይ የሆነ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ መጣል ሊያመጣ ይችላል። እንቅልፍ ማጣትም በሽታውን ይቀሰቅሳል። ማለትም የሌሊት 11 ሰዓት ፈረቃው ሁለት ጊዜ ይጎዳሃል፦ ከመድኃኒቱ ጋር ያጋጭሃል፣ እንቅልፍህንም ይቆርጣል። በዚህ ሳምንት ወደ ሐኪምህ ሂድና ችግሩን እንደጻፍክልን ንገረው። የሚወሰድበትን ሰዓት፣ መጠኑን ወይም መድኃኒቱን ራሱን ሊቀይርልህ ይችላል። ብዙ ሰው ለዓመታት መድኃኒቱን እየደገመ ያወጣል እንጂ «ያስተኛኛል» ብሎ አይናገርም።

አሁን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝን ልንገርህ። ዳቦ ቤት ምድጃ አለ። በሚጥል በሽታ የተያዙ ብዙ የሀገራችን ሰዎች እሳት ላይ ወድቀው ተቃጥለዋል፤ በየሆስፒታሉ የሚታይ ነገር ነው። ስለዚህ የአንተ ጉዳይ የሰዓት ብቻ አይደለም። ከምድጃው ፊት ወደ ሽያጭ፣ ወደ ማሸጊያ ወይም ወደ ሊጥ ቤት ብትዛወር እና ፈረቃህ የቀን ቢሆን ሁለቱም በአንዴ ይፈታሉ።

ይህን ለማግኘት ግን መናገር ሊኖርብህ ነው። ላንተ የምለው ተናገር ነው። ፍርሃትህን ግን አላቃልልም፤ በሽታው በእኛ ሀገር አሁንም ይገለላል፣ አረፋው ይጋባል ብሎ የሚሸሽ ሰው ዛሬም አለ። አይጋባም፣ በፍጹም። ለሁሉም ሰው እንድትናገር አይደለም የምልህ። ለአንድ ሰው ብቻ፣ ለባለቤቱ ወይም ለሥራ አስኪያጁ። የሐኪም ወረቀትም ሲጻፍልህ የበሽታውን ታሪክ ከሚተርክ ይልቅ ምን እንደሚያስፈልግህ ቢጽፍልህ ይሻላል፦ «በሚወስደው መድኃኒት ምክንያት የሌሊት ሥራ አይስማማውም፤ ከእሳትና ከከፍታ መራቅ አለበት»። አዋጅ 568/2000 ለዓይን በሚታይ ጉዳት ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ በአካል፣ በአእምሮ ወይም በስሜት ሕዋስ ጉዳት ምክንያት እኩል የሥራ ዕድሉ የሚቀንስበትን ሰው ሁሉ ያቅፋል። የሙከራ ጊዜውም ማለፉ ጠቅሞሃል። በ60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ ውስጥ አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይቀለዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ምክንያት ያስፈልገዋል፣ አካል ጉዳት ደግሞ ሕጋዊ የስንብት ምክንያት እንዳልሆነ አዋጅ 1156 ይናገራል።

ከጎንህ ለሚሠራው ልጅም ግን ቢያንስ ብትወድቅ ምን ማድረግ እንዳለበት ንገረው። በጎንህ ያስተኛህ፣ ከጭንቅላትህ ሥር ለስላሳ ነገር ያድርግ፣ ዙሪያህ ያለውን ትኩስና ስለታም ነገር ያርቅ። አፍህ ውስጥ ምንም አይክተት። ክብሪት ጭሮ አያሽትትህ፤ ይህ ልማድ ምንም ጥቅም የለውም፣ ያቃጥላል። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት ይውሰድህ። ይህን ማወቅ ለእሱም ፍርሃቱን ያቀልለታል።

*

«በባሕር ዳር የአንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነኝ። ዓይነ ስውር የታሪክ መምህር አለን፤ ጎበዝ ነው፣ ተማሪዎች ይወዱታል። ጠዋት የሚመራው የእህቱ ልጅ ነው፤ ልጁ ደግሞ የራሱ ትምህርት ስላለው መጀመሪያ እሱን ማድረስ፣ ከዚያ መመለስ አይሆንለትም፣ እናም ሁልጊዜ አይመጣጠንም። መምህሩ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ይዘገያል፣ ክፍሉ ይጮኻል። ሌሎች መምህራን ‹ለእሱ ሲሆን ለምን ዝም ይባላል?› እያሉኝ ነው። እኔ ልጎዳው አልፈልግም፣ ግን ትምህርት ቤት ደወል አለው። — ርእሰ መምህር»

አክብረው ስለጻፉልን እናመሰግናለን። እርስዎ የጻፉት እውነት ነው፣ ትምህርት ቤት ደወል አለው። አርባ ተማሪ ቁጭ ብሎ መምህር ሲጠብቅ «ሰዓቱ ምንም አይደለም» ማለት አይቻልም። እንዲህ ባለ ሥራ ሰዓት ማክበር የሥራው አካል ነው። ግን እዚህ ላይ ጥያቄው ሌላ ነው፦ ይህ መምህር የግድ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ማስተማር አለበት ወይ?

ፕሮግራሙን የሚያወጡት እርስዎ ወይም ምክትልዎ ናችሁ። ታሪክ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜም ታሪክ ነው። ክፍለ ጊዜዎቹን ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ጀምረው ቢደለድሉለት፣ የጠዋቱን የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ተራም በከሰዓት ጥበቃ ቢቀይሩለት ነገሩ አለቀ። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም፤ በሴሚስተሩ መጀመሪያ አንድ ከሰዓት ቁጭ ማለት ይበቃል። ሌላም መንገድ አለ። አዋጅ 568/2000 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ረዳት እንዲመድብ ይጠይቃል። ከባጃጅ እስከ መምህራን ክፍል የሚያደርሰው ሰው ከጥበቃ ወይም ከጽዳት ሠራተኞች መካከል በተራ ቢመደብ የእህቱ ልጅም ነፃ ይወጣል። አንድ ሕፃን በየጠዋቱ በራሱ ትምህርትና በአጎቱ ሥራ መካከል መቆም የለበትም።

ይህን ሁሉ ግን ከመምህሩ ጋር ተነጋግረው ያድርጉት። ራስዎ አስበው፣ ራስዎ ወስነው ፕሮግራሙን ለጥፈው እንዳያስደንግጡት። «ምን ቢሆን ይቀልልሃል?» ብለው ይጠይቁት። እርስዎ ያላሰቡትን ቀላል ነገር ሊነግርዎ ይችላል፤ መንገዱን በየቀኑ የሚሄድበት እሱ ነው።

ስለ ሌሎቹ መምህራን፦ ማብራሪያ ለመስጠት ብለው የመምህሩን የግል ጉዳይ ስብሰባ ላይ አያውጡ። «ፕሮግራም የተደለደለው እንደየሰው ሁኔታ ነው፤ እናንተም ምክንያት ካላችሁ ቢሮዬ ክፍት ነው» ማለት ይበቃል። ነፍሰ ጡር መምህርት፣ ልጁ የታመመበት አባት፣ ሁሉም አንድ ቀን ያንን በር ማንኳኳቱ አይቀርም። ቁርሾው የሚመጣው ብዙ ጊዜ አንዱ በዝምታ ስለታለፈ ነው። ዝምታውን ወደ ጽሑፍ ከቀየሩት ሐሜቱ መያዣ ያጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከተስማማችሁ በኋላ መምህሩ በተስማማበት ሰዓት መገኘት አለበት። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜም ሳይደውል ከቀረ እንደማንኛውም መምህር ይጠይቁት። እንደ ሌላው ሰው መጠየቅም የክብር አካል ነው፤ «እሱን ተዉት» እየተባለ የሚኖር ሰው ሥራው ላይ እኩል አልቆመም።

*

«ከሜሪላንድ ነው የምጽፍላችሁ። በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የጽዳት ክፍል ከሠራሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። የመገጣጠሚያ ሕመም አለብኝ፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ ብለውኛል። ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ አይታጠፉም፣ የጡት መያዣ እንኳ ራሴ መቆለፍ አልችልም። ከአንድ ሰዓት በላይ በሙቅ ውኃ ካፍታታሁ በኋላ ነው ሰው የምሆነው። መግቢያዬ በዚህ ሀገር አቆጣጠር ጠዋት ሰባት ሰዓት ነው። በእኛ መሥሪያ ቤት ባረፈዱ ቁጥር ነጥብ ይያዛል፣ እኔ ሊሞላብኝ ሁለት ነጥብ ቀርቶኛል። እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው፣ አለቃዬ ጋር መከራከር አልችልም። — እናታችሁ»

እናቴ፣ አይዞዎት። የጠዋት መድረቅ የዚህ ሕመም ዋና ምልክት ነው፤ ስንፍና እንዳልሆነ ማንኛውም የመገጣጠሚያ ሐኪም በአንድ መስመር ይጽፍልዎታል።

እዚያ ያለው ሕግ የ1990ው (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ አካል ጉዳተኞች ሕግ ነው፤ ኤዲኤ ይሉታል። 15 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለው አሠሪ ሁሉ ይገዛበታል፣ የእርስዎ ሆስፒታል እንደሚገዛበት አያጠራጥርም። ሰዓት መቀየር ሕጉ ከሚያውቃቸው ማመቻቸቶች አንዱ ነው። ለመጠየቅ የሕግ ቃል ማወቅ አያስፈልግም። «ሕመም አለብኝ፣ በሕመሜ ምክንያት የሰዓት ለውጥ እፈልጋለሁ» ማለት በቂ ነው። በቀላል እንግሊዝኛ ልጅዎ ወይም የቤተ ክርስቲያን ጎረቤት ሁለት መስመር ቢጽፍልዎ ያው ነው። ለአለቃዎ ብቻ አይስጡት፣ ለሰው ኃይል ክፍልም በኢሜይል ይላኩ። ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊያነጋግርዎ ይገባል፤ የሐኪም ማስረጃም ሊጠይቅ ይችላል፣ ያገኘውንም በምሥጢር መያዝ አለበት።

ግን ፍጠኑ። ማመቻቸት የሚሠራው ከጠየቁበት ቀን ወደፊት ነው። እስካሁን የተያዘብዎትን ነጥብ አሠሪው የመሰረዝ ግዴታ የለበትም። ነጥቡ ከሞላ በኋላ ሕመምዎን መናገር ብዙ ሰው ሥራውን ያጣበት መንገድ ነው። ሁለት ነጥብ ቀርቶኛል ካሉኝ ይህን ያነበቡ ዕለት ይጻፉ።

ሲጠይቁ የተቆረጠ ሰዓት ይጠይቁ። «በምችልበት ሰዓት ልግባ» ካሉ እምቢ ሊሉዎት ይችላሉ፤ መቼ እንደሚመጣ ያልታወቀ ሠራተኛ እንዲይዙ ሕጉ አያስገድዳቸውም። «ጠዋት ዘጠኝ ሰዓት ልግባ» ወይም «ከሰዓት በኋላ ወዳለው ፈረቃ ልዛወር» ይበሉ። ሆስፒታል ሌሊትና ቀን ይጸዳል፤ ክፍት የሥራ ቦታ ካለ ወደዚያ ማዛወርም ከአማራጮቹ አንዱ ነው።

ሕመሙ ሲነሳብዎ ጨርሶ መሄድ የማይችሉባቸው ቀናት ደግሞ ይኖራሉ። ለዚያ ሌላ ሕግ አለ፣ የቤተሰብና የሕክምና ዕረፍት ሕግ፤ ኤፍኤምኤልኤ ይሉታል። ቢያንስ 12 ወር ከሠሩ፣ ባለፉት 12 ወራት 1,250 ሰዓት ከሞሉ፣ አሠሪውም በ75 ማይል ውስጥ 50 ሠራተኛ ካለው በዓመት እስከ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ዕረፍት ይሰጣል። አንድ ላይ መውሰድ የለብዎትም። በሰዓትም፣ በቀንም ከፋፍሎ መውሰድ ይቻላል። በዚህ ሕግ የተፈቀደ መቅረትና ማርፈድ ነጥብ ሊያዝበት አይገባም። ፎርሙን ከሰው ኃይል ክፍል ይቀበሉ፣ ሐኪምዎ ይሙላው፣ ኮፒ ቤትዎ ያስቀምጡ።

ምክር ከፈለጉ ጃን የሚባል፣ በፌዴራል መንግሥት የሚደገፍ ነፃ አገልግሎት አለ፤ የሥራ ማመቻቸት ብቻ ነው ሥራው። ከጠየቁ በኋላ እምቢ ቢሉዎት ወይም ስለጠየቁ ቢበቀሉዎት ደግሞ ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽኑ፣ ለኢኢኦሲ፣ ማመልከት ይችላሉ። ቀነ ገደቡ 180 ቀን ነው፤ ሜሪላንድ የራሷ ሕግና መሥሪያ ቤት ስላላት 300 ቀን ይደርሳል። እርስዎ ግን 180ውን ይቁጠሩ፣ ሲያመለክቱም በአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ።